ጎረቤት ስንት ይከፍላል?

ዲሴምበር 21 ቀን 1861 የአሜሪካ ኮንግረስ አንዲት አጭር ሕግ አጸደቀ። (ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእርስ በርስ ጦርነቱ ከተጀመረ ስምንት ወር አልፎታል። ባሕር ኃይሉ የደቡቡን ወደቦች ለመዝጋት መርከብ በመርከብ ላይ ይፈልጋል። በብሩክሊን፣ በፊላደልፊያና በቦስተን አጠገብ ቻርልስታውን ያሉት የመንግሥት መርከብ መሥሪያዎችም ከግል ባለሀብቶች ጋር አናጢና ብረት ቀጥቃጭ ይሻማሉ። ሕጉ ያዘዘው፣ የሕዝብ ጥቅም እስከፈቀደ ድረስ የእነዚህ ሠራተኞች የሥራ ሰዓትና ደመወዝ በቅርብ ካሉ የግል ድርጅቶች ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። መንግሥት ከጎረቤቱ አብልጦ ከከፈለ የሕዝብ ገንዘብ አባከነ ይባላል፤ አሳንሶ ከከፈለ ሠራተኛው ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ጎረቤት የሚከፍለውን ይክፈል። ግን ጎረቤት ማነው? አዛዡ ከበሩ ወጥቶ የትኛውን ወርክሾፕ ይጠይቅ፣ ደህና የሚከፍለውን ወይስ የሚቆነጥረውን? ሕጉ ሰባት ወር ሳይሞላው፣ በጁላይ 1862፣ ተሻሻለና ተመኑን የሚቆርጠው የየጣቢያው አዛዥ፣ የሚያጸድቀው ደግሞ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ እንዲሆን ተደነገገ። ከፋዩ ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ ወሳኝ ሆነ። የደመወዝ ጥናት ዛሬ በአማካሪ ድርጅትና በሶፍትዌር የታጀበ ትልቅ ሙያ ነው፤ ያ የመርከብ መሥሪያ ጥያቄ ግን ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት እናገኘዋለን።

መጠየቅን ሙያ ያደረገው ካሮል ራይት ነው። በጦርነቱ የኮሎኔል ማዕረግ የደረሰ፣ በሰላም ጊዜ ጠበቃና የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ሴናተር የነበረ ሰው ነው። ማሳቹሴትስ በ1869 የሠራተኛ ጉዳይ ስታቲስቲክስ ቢሮ ስታቋቁም ከአገሪቱ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ራይት ቢሮውን በ1873 ተረከበ። በ1884 የፌዴራሉ መንግሥት ተመሳሳይ ቢሮ ሲመሠርት በተከታዩ ጃንዋሪ የመጀመሪያው ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመና ሃያ ዓመት ቆየበት። የሚልካቸው ሰዎች ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞሩ የደመወዝ መዝገብ ይገለብጡ ነበር። ፋብሪካውን አስገድዶ መዝገብ የማስከፈት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ በር የሚከፍትላቸው አንድ የተስፋ ቃል ነበር፦ ስምህ አይወጣም። የፋብሪካው ስም ቀርቶ ተራ ቁጥር ይታተማል። ያ የምስጢር ቃል ባይኖር የደመወዝ ጥናት የሚባል ነገር ባልተወለደም ነበር። በኋላ የመጣው ጣጣም ከዚያው ቃል ነው።

ራይት የጠየቀው ግን አሠሪውን ብቻ አልነበረም። በ1888 የታተመው አራተኛው ዓመታዊ ሪፖርቱ በ22 ትልልቅ ከተሞች የሚሠሩ 17,427 ሴቶችን ቃል የያዘ ነው። ጥያቄውን ይዘው የዞሩት ሠራተኞቹም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በሳምንት ስንት ይከፈላታል፣ ቤት ኪራይ ስንት ትከፍላለች፣ ከማን ጋር ትኖራለች? ደመወዝን ከተቀባዩ አፍ መስማት ያኔም ይቻል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ግን መዝገቡን አመነ። በ1893 ለሴኔቱ የቀረበውና በሴናተር ኦልድሪች ስም የሚታወቀው ትልቅ ሪፖርት ከ1840 እስከ 1891 ያለውን የሃምሳ ዓመት ደመወዝ ከአሮጌ የፋብሪካ መዝገቦች ሲለቅም የራይት ሰዎች እጅ ነበረበት።

እስከዚህ ድረስ ቁጥሩ ይታተማል እንጂ የማንንም ደመወዝ አይቆርጥም ነበር፤ የመርከብ መሥሪያዎቹ ልዩ ጉዳይ ናቸው። ያ የተለወጠው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ነው፤ አንዱ ለውጥ ጄኔቫ፣ ሌላው ሎንግ አይላንድ።

ጄኔቫ ላይ አዲሱ የመንግሥታቱ ማኅበር ከሃምሳ አገር ለሚሰበስባቸው ሠራተኞች ምን ይክፈል ተባለ። በ1921 በፈረንሳዊው ዦርዥ ኖብልሜር የተመራ ኮሚቴ፣ ለመንግሥት ሠራተኛው ከሁሉ የተሻለ ከሚከፍለው አገር ሰው መሳብ የሚችል ደመወዝ ይሁን አለ። ያኔ ያ አገር ብሪታንያ ነበረች፤ በተባበሩት መንግሥታት ዘመን አሜሪካ ሆነች። ወደዚህ መርሕ ስንመለስ አዲስ አበባ እንደርሳለን።

ሎንግ አይላንድ ላይ በ1927 አንድ የአላባማ ኮንትራክተር የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ሊሠራ ጨረታ አሸንፎ ሠራተኞቹን ከደቡብ ይዞ መጣ። የአካባቢው ተወካይ ሮበርት ቤከን ተቆጣ፤ ቁጣው ስለ ደመወዝ ብቻ እንዳልነበረ፣ የመጡት ሠራተኞች ጥቁሮች መሆናቸውም እንዳስጨነቀው የኮንግረሱ ቃለ ጉባኤ ይመሰክራል። ረቂቁ አራት ዓመት ተጓትቶ፣ ከሴናተር ጄምስ ዴቪስ ጋር ሆኖ፣ ማርች 3 ቀን 1931 በፕሬዚዳንት ሁቨር ፊርማ ሕግ ሆነ፦ በመንግሥት ግንባታ ላይ የሚሠራ ሁሉ በአካባቢው የተለመደውን ደመወዝ ያግኝ። ሕጉ ዛሬም ይሠራል። የተለመደው ስንት እንደሆነ የሚነግረው የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ጥናት ነው።

ነገሩን ከመንግሥት ግቢ አውጥቶ በየድርጅቱ ጠረጴዛ ላይ ያኖረው ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በጁላይ 1942 የጦርነት ጊዜ የሠራተኛ ቦርድ፣ ከጃንዋሪ 1941 እስከ ሜይ 1942 ኑሮ በ15 በመቶ ስለተወደደ ከዚያ በላይ አጠቃላይ ጭማሪ አይፈቀድም አለ። በኦክቶበር ደግሞ በሕግ ደመወዝ ታገደ። አሁን ለሠራተኛው መጨመር የሚፈልግ አሠሪ ቦርዱ ፊት ቀርቦ ማስረዳት አለበት። ከጥቂቶቹ ቀዳዳዎች አንዱ፣ የእኔ ሰዎች ለዚህ ሥራ በዚህ አካባቢ ከሚከፈለው በታች ናቸው ብሎ ማሳየት ነበር። ለዚህ ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ በጽሑፍ መስፈር፣ ለዚያ ሥራ ጎረቤት የሚከፍለውም በቁጥር መቀመጥ አለበት። የስታቲስቲክስ ቢሮው ሰዎች ከከተማ ከተማ ዞረው ለየሥራ መደቡ መነሻና ጣሪያ አወጡ። ከዚያ በፊት የሥራ መዘርዝር የሚባል ወረቀት አይቶ የማያውቅ ብዙ ድርጅት በሦስት ዓመት ውስጥ ፋይል ከፈተ።

ጦርነቱ አለቀ፤ ፋይሉ ቀረ። በ1943 ፊላደልፊያ ላይ ኤድዋርድ ሄይ የሚባል የባንክ ሰው የራሱን አማካሪ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ያቀረበው ሐሳብ ሥራን ሁሉ በነጥብ መመዘን ነው፦ ስንት ዕውቀት ይጠይቃል፣ ስንት ችግር ይፈታል፣ ስንት ኃላፊነት ይሸከማል። ነጥቡ ካለ የአንዱን ድርጅት የሒሳብ ሹም ከሌላው የመጋዘን ኃላፊ ጋር ማወዳደር ይቻላል። የሄይ ሰንጠረዥ እስከ ዛሬ በየአገሩ ይሠራበታል፤ በአገራችንም የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ ሲካሄድ ያለፈ ሰው፣ አንዱን መደብ ደረጃ 9 ሌላውን ደረጃ 11 ያደረገው ሥሌት ዘመዱ እንደሆነ አያጣውም።

ከዚያ አርች ፓተን መጣ። የማኪንሲ አማካሪ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ የአለቆችና የሠራተኞች ደመወዝ እንዴት እየሄደ እንደሆነ አጥናልኝ አለው። ፓተን ትልልቅ ኩባንያዎችን ጠይቆ ያገኘው፣ ከ1939 ወዲህ የተራው ሠራተኛ ክፍያ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ የላይኞቹ አስተዳዳሪዎች ያደገላቸው 35 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን ነው። ውጤቱ በ1951 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ወጣ፤ በየዓመቱም መታተም ያዘ። እስከዚያ ቀን አንድ ፕሬዚዳንት ከባልንጀራው ምን ያህል እንደሚያንስ በግምት ነበር የሚያውቀው። አሁን ሰንጠረዥ መጣለት። ሰንጠረዡን ይዞ ቦርዱ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ጭማሪ ልለምን መጣሁ አይልም፤ ገበያው ይህን ይላል ይላል። ፓተን ካረጀ በኋላ፣ ሥራው ስላስከተለው ነገር ምን ይሰማዋል ተብሎ ሲጠየቅ በአንድ ቃል መልሷል ይባላል፦ ጥፋተኝነት።

የሰንጠረዡ አሠራር እንዲህ ነው። እንበልና አምስት ድርጅቶች ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ በወር 20፣ 22፣ 24፣ 26 እና 30 ሺህ ይከፍላሉ። መሐለኛው 24 ሺህ ነው። ሦስቱ የታችኞቹ፣ እኛ ደህና ሰው እንፈልጋለንና ከገበያው ሦስት አራተኛ በላይ እንቁም፣ ማለትም በባለሙያው ቋንቋ 75ኛው ፐርሰንታይል ላይ፣ ቢሉ ወደ 26 ይወጣሉ። በዓመቱ ጥናቱ ሲደገም 26፣ 26፣ 26፣ 26፣ 30 ይሆናል። ማንም የተለየ ሥራ ሳይሠራ መሐለኛው ወደ 26 ሺህ ወጣ። አሁን ያንኑ ሰንጠረዥ ለሌላ ዓላማ እናንብበው። 30 ሺህ የሚከፍለው ድርጅት፣ ጎረቤቶቼ 26 እየከፈሉ እኔ ምን አቃጠለኝ ብሎ ለሦስት ዓመት ጭማሪ ቢያቆም፣ የተቀሩትም እሱ ካልጨመረ እኛም አንቸኩልም ቢሉ፣ ያው ወረቀት ደመወዝን ቀስፎ ይይዛል። ወረቀቱ አንድ ነው። ወደ ላይ የሚገፋውም ወደ ታች የሚጫነውም አንባቢው ነው። ለአለቆች ሲሆን አንባቢው አለቃው ራሱ የሚሾመው አማካሪ ነው፤ ለጸሐፊዋና ለነርሷ ሲሆን አንባቢው አሠሪዋ ነው፣ እሷ አታየውም። በ1991 ግሬፍ ክሪስታል የሚባል የደመወዝ አማካሪ ከሙያው ወጥቶ የገዛ ወንድሞቹን የሚያጋልጥ መጽሐፍ ሲጽፍ ያለውም በዋናው ይኸው ነው፦ ቦርድ ሁሉ የእኛ ሰው ከመሐለኛው በላይ ነው ካለ መሐለኛው በየዓመቱ ሲሸሽ ይኖራል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መንገድ ለየት ይላል። በ1962 ኬኔዲ የፌዴራል ቢሮ ሠራተኛ ደመወዝ ከግሉ ዘርፍ ጋር ይነጻጸር የሚለውን ሕግ ፈረሙ፤ በ1970 ሌላ ሕግ አጠናከረው። የስታቲስቲክስ ቢሮው በየዓመቱ የሒሳብ ሠራተኛን፣ የኬሚስትን፣ የታይፒስትን ደመወዝ ከየኩባንያው ይለቅም ነበር። ትንንሽ ድርጅቶች አልተካተቱም፤ የክፍለ ግዛትና የከተማ አስተዳደሮችም አልተካተቱም። ትንንሾቹ ቢጨመሩ ቁጥሩ ይወርድ ነበር የሚል ትችት ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ጥናቱ ይህን ያህል ጨምሩ ሲል ደግሞ ፕሬዚዳንቶቹ ሕጉ በተወላቸው በር እየወጡ፣ ኢኮኖሚው አይፈቅድም እያሉ፣ ከ1978 ጀምሮ በየዓመቱ ያነሰ ሰጡ። በ1990 የወጣው ሕግ፣ ከ1994 ጀምሮ በየከተማው የገበያ ልክ ተጨማሪ ክፍያ ቢያመጣም፣ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሞ አያውቅም።

በዚህ መሐል የመጣውን አስቂኝ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በ2017 ግድም በሕጉ መሠረት ለፕሬዚዳንቱ የሚቀርበው ሪፖርት የፌዴራል ሠራተኞች ከግሉ ዘርፍ ከ30 በመቶ በላይ ወደኋላ ቀርተዋል ሲል፣ የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በዚያው ዓመት ኤፕሪል የለም፣ በአማካይ 3 በመቶ ይበልጣሉ፣ ጥቅማ ጥቅም ሲደመር 17 በመቶ አለ። ሁለቱም አልዋሹም። አንደኛው ሥራን ከሥራ አነጻጸረ፤ ይህ መደብ እዚያ ስንት ይከፈልበታል ብሎ። ሌላው ሰውን ከሰው አነጻጸረ፤ ይህን ያህል የተማረና ይህን ያህል የሠራ ሰው እዚያ ቢሆን ስንት ያገኝ ነበር ብሎ። ከጥናቱ በፊት ጥያቄውን የመረጠው ሰው መልሱን ግማሽ መንገድ አድርሶታል።

ሌላ ነገርም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተደርጎ ነበር፤ እንደሚገባው አይወራለትም እንጂ። በሰዓት የሚከፈላቸው የመንግሥት የእጅ ሙያተኞች፣ የእነዚያ መርከብ መሥሪያዎች ወራሾች፣ በ1972 በወጣ ሕግ የራሳቸው ሥርዓት አገኙ። በየአካባቢው ጥናቱን የሚመራው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ አንድ የአስተዳደርና አንድ የሠራተኛ ማኅበር ሰው አለው። ወደ ግል ድርጅቱ የሚሄዱትም ሁለት ሁለት ሆነው ነው፣ አንዱ ከአስተዳደር፣ አንዱ ከሠራተኛ። ብየዳ ሠራተኛ ከብየዳ ሠራተኛ ጋር እየተነጻጸረ መሆኑን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቆሞ ያያል፤ በማዕረግ ስም መታለል የለም። የ1862ቱ አዛዥ ብቻውን ይዞት የነበረው ወረቀት ሁለት እጅ ያዘው።

ቦስተን ላይ ግን ወረቀቱ ገና በአንድ እጅ ነበር። በከተማዋ ያሉ ትልልቅ አሠሪዎች የቦስተን ጥናት ቡድን የሚባል ስብስብ ነበራቸው። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ ሌሎችም ለጸሐፊና ለቢሮ ሠራተኛ ስንት እንደሚከፍሉ እርስ በርስ ይነጋገሩ ነበር። በ1973 ካረን ነስባውም፣ ኤለን ካሴዲና ባልንጀሮቻቸው ከጠዋቱ ሦስት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው የቢሮ ሰዓት የተሰየመ የሴት ቢሮ ሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ። በ1980 ጄን ፎንዳና ዶሊ ፓርተን የተጫወቱበት ፊልም ከዚያ ማኅበር የተነሣ ነው። ሴቶቹ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያውቁ ነበር፦ ቦስተን ውስጥ ሥራ ብትቀይሪም ደመወዝሽ አይቀየርም። ምክንያቱ ይህ ቡድን ሳይሆን አይቀርም ብለው ጮኹ፤ የማሳቹሴትስ ዐቃቤ ሕግ መረመረ። በኦገስት 1982 ቡድኑ በፍርድ ቤት በኩል በስምምነት ተገደበ። ጥናቱ አልተከለከለም፤ የማን ድርጅት ስንት እንደሚከፍል በሚያሳይ መልክ መለዋወጥ ግን ቀረ።

ከ12 ዓመት በኋላ ዩታ ላይ ያው ነገር በነርሶች ተደገመ። በ1994 የፍትሕ ሚኒስቴር፣ በሶልት ሌክ አውራጃ ያሉ ስምንት ሆስፒታሎችንና የሰው ኃይል ኃላፊዎቻቸውን ማኅበር ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ኃላፊዎቹ በስብሰባና በስልክ የሚጠያየቁት ያለፈውን ዓመት ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ለሚመጣው ዓመት ስንት ልትጨምሩ ነው የሚለውንም ነበር። ነርስ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የነርስ ደመወዝ መውጣት ሲገባው ቆመ። ጉዳዩ ያለ ፍርድ በስምምነት አለቀ። መንግሥት ለሆስፒታሎች ያወጣው፣ በ1996 የተሻሻለው መመሪያም ከክስ የሚያድን መስመር ነበረው፦ ጥናቱን ሦስተኛ ወገን ይሥራው፤ ቁጥሩ ከሦስት ወር በላይ ያረጀ ይሁን፤ ቢያንስ አምስት ድርጅቶች ይኑሩበት፤ የአንዱም ድርሻ ከ25 በመቶ አይለፍ። ለጤና የተጻፈ ቢሆንም የሰው ኃይል ባለሙያ ሁሉ፣ የሲሚንቶውም የሶፍትዌሩም፣ እንደ ራሱ ሕግ ያዘው።

በ2001 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ፣ የአንድ ነዳጅ ኩባንያ ሠራተኛ በ14 ነዳጅ ድርጅቶች ላይ ያቀረበችው ክስ ከሥር ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኖ ይግባኝ ደረሰ። ኩባንያዎቹ የባለሙያና የሥራ መሪ ደመወዝን በአማካሪ በኩል ዝርዝር አድርገው ይለዋወጡ ነበር። በዲሴምበር ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ፣ ኋላ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወጡት ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው። ደመወዝ ይህን ያህል እናድርግ ብለው ባይማማሉም፣ መረጃውን መለዋወጣቸው ብቻውን ውድድርን ሊያፍን ይችላልና ክሱ ይታይ አሉ።

ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ጉዳይ ግን የዶሮ ነው። የአሜሪካ ዶሮ ፋብሪካ መግቢያው ላይ ብርሃኑ የደበዘዘ ክፍል አለ፤ ዶሮዎቹ እንዳይደነግጡ ነው። እዚያ የቆመው ሠራተኛ በሕይወት ያለችውን ዶሮ በእግሯ አንሥቶ በሚሄድ ሰንሰለት ላይ ይሰቅላል፤ በደቂቃ ከሃያ በላይ፣ ሙሉ ፈረቃ። አብዛኛው ፋብሪካ ገጠር ውስጥ ነው፤ ብዙው ሠራተኛ ስደተኛ ነው። ለዚህ ሥራ በሰዓት ስንት ይከፈላል የሚለውን የሚወስኑት የሰው ኃይል ኃላፊዎች በየዓመቱ ይገናኙ ነበር። በ2019 ሠራተኞቹ ያቀረቡት የቡድን ክስ፣ ስብሰባው ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ የመዝናኛ ሆቴል ይደረግ እንደነበር ይዘረዝራል። በመካከል ቁጥሩን የሚሰበስበው ዌበር፣ ሜንግ፣ ሳል የተባለ የፔንሲልቫኒያ አማካሪ ድርጅት ነው። ከላይ ሲታይ ሁሉም በሕጉ ነው፤ ሦስተኛ ወገን አለ፣ ሰንጠረዥ አለ፣ ስም የለም። እንደ ክሱ ግን ሰዎቹ ስሙን ጠረጴዛ ዙሪያ ይሞሉት ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴር በጁላይ 2022 ካርጊልን፣ ሳንደርሰን ፋርምስንና ዌይን ፋርምስን ከአማካሪው ድርጅት ጋር ሲከስ፣ በመረጃ ልውውጡ ያሉት አምራቾች በአገሪቱ ካለው የዶሮ ፋብሪካ ሥራ ከ90 በመቶ በላይ የሚቀጥሩ ናቸው አለ። ሦስቱ ኩባንያዎች ለሠራተኞቹ 84.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል፣ ለአሥር ዓመትም በፍርድ ቤት በተሾመ ተቆጣጣሪ ሥር ለመሆን ተስማሙ። አማካሪው በየትኛውም ዘርፍ እንዲህ ያለ መረጃ ከማለዋወጥ ታገደ።

ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 2023፣ የፍትሕ ሚኒስቴር ያንን የ1996 መስመር ሰረዘው። ሦስት ወር ያረጀ ቁጥር ኮምፒውተር ባለበት ዘመን አላረጀም፣ ስም የሌለውንም ሰንጠረዥ ገልብጦ ባለቤቱን ማግኘት ቀላል ሆኗል ነበር ምክንያቱ። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን በጁላይ ተከተለ። ወደ ሰላሳ ዓመት በአራት ነጥብ ሲጠበቅ የኖረ ሙያ ባንድ መግለጫ መጠለያውን አጣ።

አሁን አዲስ አበባ። የኖብልሜር መርሕ ለዓለም አቀፍ ሠራተኛ ነበር፤ በያገሩ ለሚቀጠረው ሾፌር፣ ጸሐፊና ሒሳብ ሠራተኛ ግን በ1949 ፍሌሚንግ በሚባለው ኮሚቴ ስም ሌላ መርሕ ወጣ፦ ከአካባቢው ጥሩ ከፋዮች ጋር የሚስተካከል ይሁን፣ የግድ ከሁሉ የበለጠው ባይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 አዲስ አበባ ሲከፈት መርሑ አብሮ ገባ። ከ1975 ጀምሮ አሠራሩን የሚያወጣው የዓለም አቀፍ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ነው። በየጣቢያው ጥናቱን የሚያካሂደው ኮሚቴ የአስተዳደርም የሠራተኛም ወኪል አለበት፤ ከሚጠየቁት አሠሪዎች መካከልም የአገሩ መንግሥት መኖር አለበት። የአሜሪካ ኤምባሲ በየአገሩ ለሚቀጥራቸው የአገሬው ሰዎች በ1980ው የውጭ አገልግሎት ሕግ ይገዛል፤ ያ ሕግ በአካባቢው የሚከፈለው ይከፈል ካለ በኋላ የሕዝብ ጥቅም እስከፈቀደ ድረስ የምትለውን ሐረግ ይጨምራል። የብሩክሊን አናጢዎች ሐረግ ናት፤ ከመርከብ መሥሪያው ወጥታ እንጦጦ መንገድ ላይ ያለው ኤምባሲ ደረሰች።

አዲስ አበባ ውስጥ ዩኤን ገባ የሚባለው ሰው ለምን እንደ ሎተሪ አሸናፊ እንደሚታይ ከዚህ ይገባል። ጥናቱ የሚያየው የከተማውን ሁሉ ደመወዝ አይደለም፤ የጥሩ ከፋዮቹን ነው። ሾፌሩ አንድ ዓይነት መንገድ ላይ አንድ ዓይነት መኪና ቢነዳም፣ ሚኒስቴሩ ሌላ፣ ኤምባሲው ሌላ ጎረቤት አላቸው። ጥናቱ ያለበት ድክመት ደግሞ ጁላይ 29 ቀን 2024፣ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ በግልጽ ታየ። ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ለቀቀው፤ ከ57 ብር የተነሣው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። በበልግ የተለቀመ የደመወዝ ቁጥር በክረምት ያለፈ ዘመን ወሬ ሆነ። ሰንጠረዡን ወደፊት ለማሻገር ባለሙያዎች ከቀደመው ጥናት ላይ ጥቂት በመቶ የሚደምሩበት ዘዴ አላቸው፤ ያ ዘዴ የተሠራው ቀስ ብሎ ለሚጓዝ ገበያ ነው።

ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ በአገራችን ሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተናግሯል። የመንግሥት ሠራተኛው ስኬል ግን አደባባይ ላይ ነው፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. መነሻው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል አገር ሁሉ በዜና ሰማው፣ አከራይም ሰማው።

ከዚህ ውጭ ያለው ዓለም ወደ መግለጥ እያዘነበለ ነው። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጣ አሠሪ መነሻና ጣሪያ ደመወዙን መጻፍ ግዴታው ነው፤ ኒው ዮርክ ከተማ በኖቬምበር 2022 ተከተለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው መመሪያ አባል አገሮቹ እስከ ጁን 7 ቀን 2026 የራሳቸው ሕግ እንዲያደርጉት ቀን ቆርጧል፤ በመመሪያው መሠረት ሠራተኛ ከእሱ ጋር እኩል ሥራ የሚሠሩት በአማካይ ስንት እንደሚያገኙ መጠየቅ ይችላል። ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ያለች ጸሐፊ ስልኳን ከፍታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የቦስተን ቡድን በየስብሰባው ይለዋወጠው የነበረውን ያህል መረጃ ትሰበስባለች። የእኛ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አሁንም ደመወዝ በሚለው ትይዩ ያለው በስምምነት፣ ወይም በድርጅቱ ስኬል መሠረት ነው። ተወዳዳሪው የራሱን ጥናት የሚያደርገው ቃለ መጠይቅ ከመግባቱ በፊት፣ እዚያ የሚሠራ የሚያውቀው ሰው ጋር ደውሎ ነው።